የመምህር ላቀው ቅድሚያ

ባለፈው ሰሞን ለደም ግፊቴ መድኃኒት ልገዛ ወደ ጳውሎስ ወርጄ ስመለስ፣ ታክሲው ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ዝቅ ብሎ አወረደኝና በእግሬ ማዝገም ጀመርኩ። መንገድ ዳር፣ በላስቲክ ሸራ ሥር፣ ወጣቶች ፑል ይጫወታሉ። ዛሬ የትም የሚታይ ነገር ስለሆነ ዞር ብዬም አላየው ነበር። ግን አንዱ ረጅም ልጅ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ፈራ ተባ የሚለውን ጓደኛውን "ና ግባ ባክህ፣ ቅድሚያ እሰጥሃለሁ!" ሲለው ሰማሁ። እግሬ ተያዘ። ቅድሚያ የምትለዋን ቃል ከኳስ ኳኳታ ጋር አብራ ከሰማኋት ስንት ዘመኔ! አፍጥጬ ስቆምበት ጊዜ ልጁ "አባባ፣ ይጫወታሉ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ። "ድሮ" አልኩት። የእኛ ጠረጴዛ እንደነሱ ቀዳዳ እንዳልነበረው፣ ጨዋታችንም ፑል ሳይሆን ካራምቡላ እንደነበር ልነግረው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። መንገዴን ቀጥዬ ቤቴ ገባሁ። መድኃኒቱንም ሳልውጥ አመሸሁ።

ከቤቱ ልጀምር። ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ሲወጣ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የአንድ ቆዳ ነጋዴ ቪላ ነበር። ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ቪላው ለቀበሌያችን ደረሰ። ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ የካራምቡላ ጠረጴዛውን ጥሎት ሄደ። ወዶ አይደለም፤ ከጨርቁ በታች ያለው ድንጋይ ከብዶ በበሩ አልወጣ ስላለ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም መጀመሪያ ጠረጴዛው ተቀምጦ ቤቱ በላዩ ላይ ተሠራ ይል ነበር። ቀበሌው ሳሎኑን መዝናኛ ክበብ አደረገው። ግድግዳው ላይ መፈክር ተጻፈ፣ ጥግ ላይ ሻይ የሚፈላበት ባንኮኒ ቆመ፣ ከባንኮኒው በላይ ሬዲዮ ተሰቀለ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት፣ ስኳር ከኅብረት ሱቅ ከጠፋ ደግሞ ሻዩ በከረሜላ። ሬዲዮው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በአብዮት መዝሙር ሰልፍ ያሰልፈን ነበር። ወደ ማምሻው ግን የፍቅር ዘፈን ይለቃል፤ ክላርኔቱ ሲጀምር ተጫዋቹ ሁሉ ሳይታወቀው ዝግ ይላል፣ ኳሱ እንኳ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ይመስላል። የበጋ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ስትተኛ፣ የሱፍና የአቧራ የሞቀ ሽታ ይነሣል። ያ ሽታ ዛሬም የክረምት ካፖርት ከሣጥን ባወጣሁ ቁጥር ያገኘኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ገበያው አፋፍ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ፣ አንዲት ሲንጀር ያለችኝ። ዘመኑን ያወቅሁት በመርፌ ነው ብል አልዋሸሁም። ያ እግሩ የሰፋ ሱሪ ተትቶ ሁሉም "አጥብልኝ" እያለ ሲመጣ፣ ከዚያ ካኪው በዝቶ የኪስ ክዳን ሲበዛ፣ ከዚያ ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ጥለት አስገባልን የሚሉ እናቶች ሲበዙ፣ ማንም ሳይነግረኝ ምን እንደ መጣ አውቅ ነበር። የክበቡንም ጨርቅ የምጠግነው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ በዘንግ ጫፍ ተተርትሮ ስለ ነበር ከውስጥ ለብጬ በቀጭን ክር ሰፋሁት። ምን ባሳምረው ስፌቱ ላይ ኳስ ሲደርስ ትንሽ ዝልል ትላለች። "የአሰፋ ጉብታ" ይሉት ነበር። ኳሳቸው በሳተ ቁጥር በእኔ ያሳብባሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሦስት ኳሶች አሉ፤ መሐል ሜዳው ላይ አምስት ትንንሽ እንጨቶች ይቆማሉ። በራስህ ኳስ የባላጋራህን ኳስ መትተህ፣ የሱ ኳስ ሄዶ እንጨቶቹን ከጣለልህ ነጥብ ነው። ቀድሞ መቶ የሞላ አሸነፈ። ነጥቡ የሚቆጠረው ግድግዳው ላይ በተወጠሩ ሁለት ሽቦዎች በተሰኩ የእንጨት ዶቃዎች ነበር። ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ጎበዝና አንድ ደካማ ሲገናኙ ደካማው ዘንጉን ይዞ እንደ ቆመ ጨዋታው ያልቃል። ለዚህ ነበር መምህር ላቀው ያስፈለጉት።

መምህር ላቀው በአካባቢያችን ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ከኮታቸው ሥር ግራጫ ሹራብ የማይለያቸው ሰው። እኔንም ጓደኛዬን ሰይፉንም ከታች ክፍል ጀምረው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ሰናይት ከምትባል አንድ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ካራምቡላ ራሳቸው አይጫወቱም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ያያሉ። አንድ ቀን ሰይፉ ሽማግሌውን ሸማኔ፣ ጋሽ ወልዴን፣ ገና ሳያልበው አሸንፏቸው ጋሽ ወልዴ እያፈሩ ጋቢያቸውን ሲያነሡ፣ መምህር ከወንበራቸው ተነሡ።

"ሰይፉ፣ አንተ አሁን አሸነፍኩ ትላለህ?"

"አዎ ጋሼ። ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም። ግን ጨዋታውን ማን አየው? ወልዴ ከዚህ ይነሣ፣ አንተ ደግሞ ከዚያ" አሉና፣ በጣታቸው የጋሽ ወልዴን ዶቃዎች ገፋ ገፋ አድርገው ግማሽ መንገድ አደረሷቸው። "እስቲ አሁን ድገሙት።"

ደገሙት። ሰይፉ ሲያልበው አየን። ጋሽ ወልዴ በመጨረሻዋ ምት አሸነፉና ጋቢያቸውን አንጥፈው ወለሉን ሳሙ። ክበቡ በሣቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅድሚያ የሚሰጠው በመምህር ላቀው ሆነ። እያንዳንዱን ሰው አይተው ከየት መነሣት እንዳለበት ይናገራሉ። የሚያሸንፍ ቅድሚያው ይቀነስበታል፣ የሚሸነፍ ይጨመርለታል። ሁሉንም በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። "እኔ የምፈልገው" ይሉ ነበር፣ "መጨረሻዋ ኳስ ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ አለማወቅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ልክ ሰጥቻለሁ ማለት ነው።"

ይህ ዛሬ ለሚሰማው ተራ ነገር ይመስለዋል። ለእኛ ግን ተራ አልነበረም። ያ ክፉ ጊዜ ገና ማለፉ ነበር። ልጁ የተገደለበትና ልጁን ያስያዘበት ሰው አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴ አንድ አጥር ይጋራሉ። ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተው ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን መምህር ላቀው "አንተ ከሃያ፣ አንተ ከባዶ" ብለው ሲያስነሧቸው ይጫወቱ ነበር። አይነጋገሩም፤ ግን ይጫወታሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሲያነጣጥር ሌላው ጥላው ኳሱ ላይ እንዳያርፍ ፈቀቅ ይልለታል። ከዚያ ክፍል ውጪ በዚያ ዘመን ለማንም እኩል የሆነ ነገር አላየሁም።

ሰይፉ የክበቡ አንደኛ ነበር። ለሁሉም ይሰጣል፣ ከማንም አይቀበልም። ከእኔ ሱቅ አጠገብ ያለው ጎሚስታ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጎማ ሲፈታ ጥፍሩ ሥር የሚገባውን ጥቁር በቤንዚን ታጥቦ፣ እኔ ያጠበብኩለትን ቡና ዓይነት ሱሪ ለብሶ ሲመጣ ሙሽራ ይመስል ነበር። ግራ እጁን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ዘንጉን በላዩ ሲያስኬድ፣ እጁ እንደ ድንጋይ አይነቃነቅም። እናቱን እማማ በላይነሽን የሚጦረው እሱ ብቻ ነው። ሰናይትን፣ የመምህርን ልጅ፣ ይወዳት ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ መምህርም ያውቁ ነበር፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥተውበት አያውቁም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ይጫወት ነበር። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ልጆቹ እዚሁ ሰፈር አሉ። ወፍራም አንገት፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ካኪ፣ ለስላሳ ድምፅ። ክበብ ሲገባ ሁሉም ይነሣል፣ እሱም "ተቀመጡ ጓዶች፣ እዚህ ሁላችን ተጫዋች ነን" ይላል። ይሸነፋል። ለጋሽ ወልዴ ሳይቀር ይሸነፋል። እየሳቀ ዘንጉን ያስቀምጥና "እኔማ አልቻልኩበትም" ብሎ ሻይ ያዛል። በተሸነፈ ቁጥርም በደንቡ መሠረት ቅድሚያው እየጨመረ ሄደ። እኛ መልካም ሰው ነው ማለት ጀምረን ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የካራምቡላ ውድድር ይደረጋል ተባለ። ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው አስተዳደር ባለሥልጣናት መጥተው ዋንጫ ይሰጣሉ፣ አሸናፊው ፎቶ ይነሣል። ያን ጊዜ መምህር ላቀው ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር ወደ ጠረጴዛው ራስጌ አስጠጉ። ሊቀመንበሩን ብቻ ያዩ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥተው ቁልፍ ስተክልላቸው በዝግታ እንዲህ አሉኝ።

"አሰፋ፣ የማይችል ሰው እንዴት ነው የሚስተው?"

"እንዴት ይስታል ጋሼ? ዝም ብሎ ነዋ።"

"አዎ። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴም ዘንጉ አዳልጦት። ይኼ ሰውዬ ግን ሁልጊዜ በጠባቡ፣ በአንድ በኩል ነው የሚስተው። ከሳተም በኋላ ኳሱ የት እንደሚቆም እይ። ባላጋራው ምንም ሊመታ የማይችልበት ቦታ ነው የሚቆመው።" ቁልፉን በጣታቸው ፈተሹት። "እንዲህ መሳት ከመምታት ይከብዳል።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?" አልኳቸው።

"ቅድሚያውን እቀንሳለሁ።"

"ጋሼ! ይተዉት እባክዎ። ዋንጫ ነው፣ ይውሰደው።"

"ዋንጫውን ይውሰድ። ግድ የለኝም" አሉ። "ግን ቅድሚያውን እኔ ሰጠሁት ማለት ወልዴን አታለልኩት ማለት ነው። ለሱ እውነት ካልሆነ ለማናችንም እውነት አይደለም።"

በማግስቱ ክበቡ ሞልቶ ሳለ ተናገሩት። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ክፍል ውስጥ የፈተና ውጤት እንደሚያነቡ። ለእያንዳንዱ መነሻውን ሲናገሩ ቆይተው ሊቀመንበሩ ጋ ደረሱ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ከባዶ ይነሣሉ። እንደ ሰይፉ።"

ሬዲዮው ብቻ ነበር የሚሰማው። ሊቀመንበሩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጓድ መምህር" አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ "ስሸነፍ እኮ ነው የከረምኩት። ሁሉም ጓዶች ይመሰክራሉ።"

"አይቻለሁ" አሉ መምህር። "ሽንፈትዎ በጣም ጥሩ ነበር።"

አንድ ሰው ከኋላ ሣቀ። ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያ ሣቅ ወዲያው ተቆረጠ። ሊቀመንበሩም ፈገግ አለና "እሺ፣ ዳኛው እርስዎ ነዎት" ብሎ ወጣ።

ከዚያ የሆነው መምህር እንዳሉት ነው። ሊቀመንበሩ ያላየነውን ዓይነት ጨዋታ ይጫወት ጀመር። ከባዶ ተነሥቶ፣ ለሌሎቹ ቅድሚያ ሰጥቶ፣ አንድ ባንድ ጣላቸው። ለፍጻሜው ከሰይፉ ጋር ደረሰ። በዋዜማው ሰይፉን ጎሚስታው ጓሮ ያዝኩት። ጎማ ውኃ በርሜል ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ይፈልጋል።

"ሰይፉ፣ ነገ ተሸነፍለት" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ጋሼ ላቀው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደፍረው ተናግረው፣ እኔ ሄጄ ልሸነፍ?"

"እሳቸውን የሚነካ የለም፣ ሽማግሌ ናቸው። አንተ ግን እናት አለህ።"

"መጨረሻዋ ኳስ ድረስ አይታወቅም ይሉ የለ? እስቲ ይታያል" አለና ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለ።

በእውነትም እስከ መጨረሻዋ ኳስ አልታወቀም። የከፍተኛው ሰዎች ግንባር ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ይመራል፣ ሰይፉ ይደርሳል፣ ደግሞ ሊቀመንበሩ ያመልጣል። ሁለቱም እኩል ሲሆኑ መምህር ላቀውን አየኋቸው፤ ዓይናቸው በርቷል፣ ልጅ መስለዋል። ፍርሃት የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። በሕይወታቸው የተጨነቁለት ነገር ዓይናቸው ፊት ልክ ሆኖ ሲሠራ እያዩ ነበር። ሰይፉ በመጨረሻዋ ምት መሐለኛዋን እንጨት ጣላት። ማንም አላጨበጨበም። መጀመሪያ ያጨበጨበው ሊቀመንበሩ ራሱ ነበር፤ ከዚያ ሁላችንም ተከተልን። ዋንጫውን ሰይፉ ይዞ ሊቀመንበሩ ትከሻውን አቅፎት ፎቶ ተነሡ።

ከበዓሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የሰይፉ ዕድሜ ሊያልፍ ጫፍ ላይ ነበር፤ እናቱን ብቻውን የሚጦር ስለ ሆነም ማንም እሱን አላሰበም። አብዮት ጥበቃዎቹ ማለዳ ጎሚስታውን ሲከፍት ጠብቀው ወሰዱት። እኔ የሱቄን ሳንቃ እያነሣሁ ነበር። "አሰፋ፣ እማዬን" ብሎኝ ብቻ ሄደ። እጁን እንኳ አልታጠበም።

መምህር ሲሰሙ ኮታቸውን እንደ ለበሱ ወደ ቀበሌ ሮጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ሊቀመንበሩ ቆሞ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሳበላቸው።

"ጓድ ሊቀመንበር" አሉ መምህር፤ ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር፣ "የጨዋታው ነገር ከሆነ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቅድሚያዎን እመልሳለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ እላለሁ። ልጁን ይተዉት።"

ሊቀመንበሩ የምር የተገረመ መሰለ። "የምን ቅድሚያ ጓድ መምህር? ጨዋታ ጨዋታ ነው። የእናት አገር ጥሪን ከካራምቡላ ጋር ያገናኛሉ እንዴ? ይኼን ሌላ ሰው ቢሰማዎት ጥሩ አይደለም።" ከዚያ በር ድረስ ሸኛቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ መምህር ክንዴን ይዘው ነበር።

ሰይፉ ሰሜን ነው አሉ። ደብዳቤ አንድ ጊዜ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። እማማ በላይነሽ በየማለዳው እንጦጦ ማርያም እየወጡ ተሳሉ። በአንዱ ክረምት ብርድ መታቸውና ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ። ሰናይት ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አንድ የጤና ረዳት አግብታ ወደ ጅማ ሄደች። አባቷ ጠብቂ አላሏት፣ አግቢ አላሏት። መምህር ክበብ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ቅድሚያም ይሰጣሉ። ግን ይሳሳቱ ጀመር። ለአንዱ ያበዙለታል፣ ለሌላው ያሳንሱበታል፤ ሊቀመንበሩ ሲጫወት ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞረው ባሕር ዛፉን ያያሉ። የቅድሚያው ነገር ውሉ ጠፋ። ሰዉም ቀስ በቀስ መጫወቱን ተወ፤ ያ ዓይን ለዓይን የማይተያየው ሰው ሁሉ ወደየአጥሩ ተመለሰ።

ሰይፉ የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ነው፤ ክበቡ ውስጥ ጥቂቶች ነበርን። መጀመሪያ አላወቅነውም። ጠቁሯል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ሰፊ የወታደር ኮት ለብሷል። ግራ እጅጌው ጫፉ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እጁ ከአንጓው በላይ የለም። "ቀኙ ተርፎልሃል፣ ተመስገን" ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ያ ግራ እጅ ጨርቁ ላይ ሲዘረጋ ነበር የታየኝ።

ከግድግዳው ዘንግ አወረደ። ጫፉን ጠመኔ ልቀባለት ብዬ ብጠጋ በትከሻው ገፋ አደረገኝና በብብቱ ይዞ ራሱ ቀባ። ኳሶቹን አስቀመጠ። ዘንጉን በተቆረጠው ክንዱ ላይ አስደግፎ ሞከረ፤ ኮቱ ላይ ተንሸራተተ። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ሞከረ፤ ኳሱ ወደ ሌላ ሄደ። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ቀና አለና ወደ መምህር ላቀው ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እንደ ድሮው ሊጫወት የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።

"እሺ ጋሼ" አለ፣ "አሁን ደግሞ ተቀባይ ሆንኩ። ከስንት ነው የምነሣው?"

መምህር ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ጣታቸውን ዶቃው ላይ አደረጉ። ጥቂት ገፉ፣ ቆሙ። ሰይፉን አዩት፣ ጠረጴዛውን አዩት። ደግሞ ገፉ። ትንሽ ጨመሩ፣ ትንሽ ጨመሩ። ያን ሁሉ ዓመት "አንተ ከዚህ ተነሣ" ለማለት አንድ አፍታ የማይፈጅባቸው ሰው ጣታቸውን ከዶቃው ማንሣት አቃታቸው። ዶቃዎቹ እየሄዱ እየሄዱ ሽቦው መጨረሻ ላይ አለቁ። መቶ ሞላ። ያልተጀመረ ጨዋታ አለቀ። ሰይፉ ሽቦውን ትንሽ አየና ዘንጉን በቦታው ሰቀለ። "ይብቃ ጋሼ፣ ይቀመጡ" አላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን እዚያው ወንበር ላይ ረስተው ወጡ። ክበብ ተመልሰው አልመጡም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ክበቡ ተዘርፎ በሩም መስኮቱም ሲነቀል ጠረጴዛው እንደ ቆመ ቀረ፤ ኋላ ድንጋዩን በመዶሻ ሰባብረው ለደረጃ ወሰዱት። ጨርቁን ማን እንደ ገፈፈው አላውቅም። ሊቀመንበሩ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰና አዲሱ ገበያ እህል ይነግድ ጀመር። ሸምቼበታለሁ። ሚዛኑ ልክ ነው። "እንዴት ነህ አሰፋ፣ ልጆች ደህና?" ይለኛል፤ ደህና ነን እለዋለሁ። በዕድሜው፣ በአልጋው ሞተ። ቀብሩ ላይም ሄጃለሁ፤ ጎረቤት ነውና። ሰይፉ የአንድ ፋርማሲ በር ጠባቂ ሆነ። አላገባም።

መምህር ላቀው በጠና የታመሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፤ ሐኪሞቹ ቤታቸው ይረፉ አሉ። ትርጉሙ ገብቶናል። ልጠይቃቸው ስሄድ ሁልጊዜ ሌላ ወሬ ሳይጀምሩ "ሰይፉ እንዴት ነው?" ይሉኛል። እንዲጠራላቸው ግን አንድ ቀን አልጠየቁም። ለሰይፉ ነገርኩት። "እሑድ አብረን እንሂድ" አለ።

እሑድ ሄድን። ሰይፉ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ግራ እጅጌውን እኔ ነኝ አሳጥሬ የሰፋሁለት። መምህር ትራስ ተደግፈው ነበር፣ ሹራባቸው ሰፍቷቸዋል። ሰይፉ ጉልበታቸውን ሳመና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሰናይት ልጆች ካወራን በኋላ ድንገት እንዲህ አለ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት። እኔ የተያዝኩት በዋንጫው ምክንያት አይደለም። ስሜ ከውድድሩ በፊት ተይዞ ነበር። ማሠልጠኛ ስንገባ የመዘገቡን ሰዎች ነግረውኛል። ቅድሚያውን ባይቀንሱበትም፣ ብሸነፍለትም፣ እሄድ ነበር።"

መምህር ዓይናቸውን ከሱ ላይ አልነቀሉም። "ከበዓሉ በፊት?" አሉ።

"ከበዓሉ በፊት። በደንብ በፊት።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" አሉና የቀረውን እጁን ያዙት። ብዙ ቆየን። ስንወጣ ሰይፉ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደገፈ።

"እውነትህን ነው?" አልኩት።

"የወሰዱኝ ቀን፣ ቀበሌ መኪና ላይ ከጫኑን በኋላ፣ ሊቀመንበሩ መጣ" አለኝ። "በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ 'መምህርህን አመስግን' አለኝ። ይኼንን ልንገራቸው?"

እስከ ታክሲው ሸኘሁት።

በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። ደክመዋል፤ ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። "አሰፋ" አሉኝ፣ "ሰይፉን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ ድምፁን ያለሰልስ ነበር። እሑድ ዕለትም አለስልሶ ነው የነገረኝ።"

አቀረቀርኩ።

"ምንም አትበል፣ ምንም አልጠየቅሁህም። ግን አመኑኝ ወይ ብሎ ከጠየቀህ" አሉና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ፣ "አመኑህ በለው። ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰዳቸው በለው።"

ከዚያ ብዙ አልሰነበቱም። ቀብራቸው ላይ ሰይፉ ከሬሳው ሣጥን ኋላ ሲራመድ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። እሳቸው እንዳሉኝ አድርጌ ነገርኩት፤ አመኑህ፣ ሌሊቱንም ተኙ አልኩት። ቆመ። በዚያች በቀረችው እጁ ፊቱን ጠረገና፣ ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ አይቼበት የማላውቀውን ሣቅ ሳቀ። "ተመስገን" አለ፣ "ቢያንስ እሳቸው ዐረፉ።" ኋላ ሰይፉ ራሱ ሲሞትም ይህንኑ እንዳመነ ነው የሞተው።